ለሥራ የትኛውን ሽጉጥ ልያዝ?

ጀማሪው ፖሊስ

ሰላም ለሁላችሁም። ፖሊስ ነኝ፣ ሥራው ላይ ገና ጀማሪ ልባል እችላለሁ። እስካሁን የምይዘው ከመሣሪያ ክፍል የተሰጠኝን ነበር። አሁን ግን ከተፈቀደ ዝርዝር ውስጥ ራሳችን እንድንመርጥ ተፈቅዶልናል። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ግሎክ 17፣ ግሎክ 19፣ ግሎክ 45፣ የሄክለር ኤንድ ኮህ ኤስኤፍፒ9፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤምኤንድፒ 2.0 እና ቤሬታ 92 ናቸው። ሁሉም ባለ 9 ሚሊ ናቸው። ግሎክ 21ም አለ፣ እሱ ባለ .45 ነው፣ ማለት የጥይቱ ስፋት በኢንች ሲለካ።

የሥራ ባልደረቦቼን ብጠይቅ እያንዳንዱ የራሱን ያወድሳል። አንዱ «ከ.45 በታች የሆነ ጥይት ሰው አያቆምም» ይለኛል። ሌላው «እጅህ ትንሽ ስለሆነ 19ኙን ውሰድ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ መቆለፊያ የሌለው ሽጉጥ ይባርቅብሃል ብሎ ያስፈራራኛል። እጄ እውነትም ትንሽ ነው። ቤሬታውን ስይዘው ጣቴ ምላጩ ላይ የሚደርሰው በግድ ነው።

ሥራዬ የደንብ ልብስ ለብሶ ፓትሮል ነው፣ ግማሹ በመኪና ግማሹ በእግር፣ ሌሊትም አለበት። አንዴ ከፈረምኩ ለዓመታት የምይዘው እሱን ስለሆነ በችኮላ መወሰን አልፈልግም። የጥይቱ መጠን ያን ያህል ለውጥ ያመጣል? መቆለፊያ የግድ ነው? ትልቁ ይሻላል ወይስ መካከለኛው?

የቀድሞ አሰልጣኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ዘርዝረህ ማቅረብህ ጥሩ ነው። ብዙ ዓመት ተኩስ አሰልጥኛለሁ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምነግርህ ከተኩስ ሜዳ ያየሁትን ነው።

ከስሙ አትጀምር፣ ከእጅህ ጀምር። መሣሪያ ክፍል ሂድና ሁሉንም በየተራ ያዛቸው። መጀመሪያ ባዶ መሆናቸውን አረጋግጥ። ካዝናውን አውጣ፣ ከዚያ ስላይዱን፣ ማለት ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት ሳብ፣ የጥይት ቤቱን በዓይንህም በጣትህም ፈትሽ። ቅደም ተከተሉ አይገልበጥ። ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን ከሳብክ አንዱን ጥይት አውጥተህ ሌላውን ታጎርሳለህ፣ ከዚያ «ባዶ ነው» ብለህ የያዝከው ሽጉጥ ጎርሶ ይቀመጣል።

ቀጥሎ በምትተኩስበት እጅ ብቻ ያዘው። በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል ያለው ሥጋ ከእጀታው ጀርባ መሃል ላይ፣ የቻለውን ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። አፈሙዙና ክንድህ በአንድ መስመር ይሁኑ። ግድግዳ እንጂ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አዙረህ ሌባ ጣትህን ምላጩ ላይ አድርግ። የጣትህ ጫፍ ያለው ለስላሳ ክፍል፣ መሃሉ ምላጩን ካገኘ ልክህ ነው። እዚያ ለመድረስ ሽጉጡን እጅህ ውስጥ ማዞር ካስፈለገህ ግን ተወው፣ የፈለገ ስም ይኑረው።

ይህን አጥብቄ የምለው ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ጣቱ በደንብ የማይደርስ ሰው ምላጩን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ አይስብም፣ ወደ ጎን ይገፋዋል። 5 ሜትር ላይ ላያስታውቅ ይችላል። 20 ሜትር ላይ ግን አረሩ ካሰብክበት ቦታ ውጭ ነው። አንተ ደግሞ የምትተኩሰው አፈር ክምር ወዳለበት ሜዳ አይደለም። የሳትከው ጥይት ሁሉ የሆነ ቦታ ያርፋል፣ አጥሩ ጀርባ ሰው አለ፣ መስኮቱ ጀርባ የሚተኛ ልጅ አለ። የእያንዳንዱ ጥይት ኃላፊነት ያንተ ነው። ስለዚህ በትክክል የምትመታበት ሽጉጥ ከማንኛውም «ኃይለኛ» ሽጉጥ ይበልጣል።

አሁን ወደ ባልደረባህ ክርክር ልምጣ። ይህ የጥይት መጠን ክርክር ሥር አለው። ሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ. ማያሚ ውስጥ የኤፍቢአይ ሰዎች ከሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኩሰው ሁለት ባልደረቦቻቸው ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱ ቀድሞ በ9 ሚሊ ተመትቶ ነበር፣ አረሩ ግን ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ሰውዬው መተኮሱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ኤፍቢአይ ወደ 10 ሚሊ ሄደ፣ ቀጥሎ በ1990 ባለ .40 መጣና ብዙ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች ተከተሉት። አብሮም ጥብቅ የጥይት መፈተሻ ወጣ። አረሩ ልብስም ሆነ ሌላ መሰናክል ካለፈ በኋላ የሰው ሥጋን በሚመስል ጄል ውስጥ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ መግባት አለበት ተባለ። ፋብሪካዎች አረራቸውን በዚያ መፈተሻ ልክ ሲያሻሽሉ 9 ሚሊውም አለፈ። ኤፍቢአይ ራሱ ከ2014 ጀምሮ ወደ 9 ሚሊ የመመለሱን ምክንያት ጽፎ አወጣ፣ በ2016ም የግሎክ 9 ሚሊ ሽጉጦችን መረጠ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ርግጫው ይቀንሳል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ቶሎና በትክክል ይደርሳል፣ ካዝናው ብዙ ይይዛል። ግሎክ 21 የሚይዘው 13 ነው፣ ግሎክ 17 ደግሞ 17። አንተ ትንሽ እጅ ይዘህ ወደ .45 የምትሄድበት ምንም ምክንያት አይታየኝም። የ21ዱ እጀታ ከቤሬታውም አይሻልህም።

የሌሊት ፈረቃ

ሴት ፖሊስ ነኝ፣ እጄ ካንተ እንደሚያንስ እርግጠኛ ነኝ። «ይለመዳል» የሚሉህን አትስማ። እጅ አያድግም። ልክ ያልሆነ ሽጉጥ ተይዞ በጣም ብዙ ጥይት ይባክናል፣ ሰዉም ራሱን ተኩስ የማይችል አድርጎ ይቆጥራል፣ ይህ ደግሞ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሽጉጡ ሲቀየርላቸው በአንድ ጊዜ የሚስተካከሉ ልጆችን አይቻለሁ።

አንድ ነገር ግን ላርም። «እጅህ ትንሽ ስለሆነ 19ኙን ውሰድ» ያለህ ሰው ተሳስቷል። የ19ኙ እጀታ ከ17ቱ የሚያጥረው ወደ ታች ነው። ውፍረቱና ከእጀታው ጀርባ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት ያው ነው። 17ቱ ካልደረሰልህ 19ኙም አይደርስልህም። አጭሩ እጀታ ጥቅሙ ከሲቪል ልብስ ሥር መደበቁ ነው፣ አንተ ደግሞ በደንብ ልብስ ነህ።

መጠየቅ ያለብህ ጀርባው ላይ የሚቀያየረውን ቁራጭ ነው። ግሎክ ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ አለው፣ ያለምንም ተጨማሪ ስትይዘው ትንሹ መጠን እሱ ነው። ኤምኤንድፒውም ይቀየርለታል። ኤስኤፍፒ9 ደግሞ ጀርባውም ሁለቱ ጎኖቹም ለየብቻ ስለሚቀየሩ 27 ዓይነት አድርገህ ልትገጥመው ትችላለህ። እኔ እሱን ነው የያዝኩት፣ በትንሹ ጀርባ። ብዙ ጊዜ መሣሪያ ክፍል ቁራጮቹ ከነሳጥናቸው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ይረሳሉ፣ ስለዚህ ካልጠየቅክ ማንም አይሰጥህም። ዋልተርም በ2022 ፒዲፒ ኤፍ የሚባል ለትንሽ እጅ ተብሎ የተሠራ አውጥቷል። ዝርዝራችሁ ላይ የለም፣ ግን ዝርዝሩ ሲታደስ እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቁ። ሴቶች ባልደረቦችህ ያመሰግኑሃል።

ስላይዱ ከበደኝ የምትል ከሆነ ደግሞ ችግሩ ጉልበት አይደለም። በሁለት ጣት ቆንጥጠህ አትሳበው። በሙሉ መዳፍህ ከላይ ያዘውና ሌላኛው እጅህ እጀታውን ወደ ፊት ይግፋ።

ቤሬታ ያሳደገኝ

ቤሬታን እንዲህ በቀላሉ አትጣሉት። ለረጅም ጊዜ ይዤዋለሁ፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። የአሜሪካ ጦር በ1985 ኤም9 ብሎ የተቀበለው በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያው ጥይት ረጅምና ከባድ ስበት አለው። ሰው ላይ አነጣጥረህ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ባለህበት ሰዓት ያ ረጅም ስበት ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሃል። ግሎክ ላይ ያ የለም። መቆለፊያም የለውም። ወጣት ፖሊስ ላይ እኔ በበኩሌ ይህን አልመርጥም።

የቀድሞ አሰልጣኝ

ወንድሜ፣ የምታነሳው ነገር ክብደት አለው። ቤሬታ መጥፎ ሽጉጥ ነው ያለም የለም። ግን ጠያቂው ጣቴ የሚደርሰው በግድ ነው ብሏል፣ ያ ረጅም የመጀመሪያ ስበት ደግሞ ጣትን ይበልጥ ያርቀዋል። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ስበት ከባድ፣ ቀጣዮቹ ቀላል ስለሆኑ ሁለት የተለያዩ ስበቶችን መልመድ አለበት። የልምምድ ጥይት በበቂ የሚሰጠው ሰው ይችለዋል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ሜዳ የሚወጣ ሰው ላይ ግን የመጀመሪያው ጥይት ወደ ታች፣ ሁለተኛው ወደ ላይ ሲሄድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ባዶውን ቢመዘን ወደ 950 ግራም ነው፣ ግሎክ 17 ያለ ካዝናው 630 ግራም ገደማ። ይህ ልዩነት ቀኑን ሙሉ ወገብ ላይ ነው የሚውለው።

ስለ መቆለፊያው። ግሎክ ከውጭ የሚነካ መቆለፊያ የለውም እንጂ ከውስጥ ሦስት መከላከያ አለው። አንዱ ምላጩ ላይ ያለው ምላስ ነው፣ አንዱ መቺውን መርፌ ይይዛል፣ አንዱ ቢወድቅ እንዳይባርቅ ነው። ምላጩ ካልተሳበ አይተኩስም። ስለዚህ የሚባርቀው ጣት ወይም ሌላ ነገር ምላጩ ውስጥ ሲገባ ነው። የኒው ዮርክ ፖሊስ ይህን ፈርቶ ለረጅም ዘመን የግሎክን ስበት ወደ 12 ፓውንድ፣ ማለት ከ5 ኪሎ በላይ አክብዶት ነበር። ከባድ ስበት ግን ዋጋ አለው፣ ዒላማ ያስታል። ጣትህ ለመተኮስ እስክትወስን ድረስ ምላጩ ውስጥ አይግባ፣ ከላይ ስላይዱ ጎን ተዘርግቶ ይቆይ። ይህ ልማድ የሌለውን ሰው መቆለፊያ አያድነውም፤ መቆለፊያውን ከፍቶ ጣቱን አስገብቶ የሚሮጥ ሰው አይቻለሁና።

ቤሬታ ያሳደገኝ

በጣት ጉዳይ እስማማለሁ። በቀረው በሐሳቤ እጸናለሁ፣ ግን ለእሱ እጅ ቤሬታ እንደማይሆን ገብቶኛል።

የመሣሪያ ክፍል

እኔ ጠጋኝ ነኝ፣ ሽጉጦቹ ሲበላሹ የሚመጡት እኔ ጋ ነው። እናንተ ያላነሳችሁትን ልጨምር።

አንደኛ፣ አብረውህ ፓትሮል የሚወጡት ምን ይዘዋል? ይህን ሳትጠይቅ አትፈርም። ብዙዎቹ ግሎክ ከሆኑ ካዝና መለዋወጥ ትችላላችሁ። የ17ቱ ካዝና 19ኙ ውስጥ ይሠራል፣ የ19ኙ ግን አጭር ስለሆነ 17ቱ ውስጥ አይሆንም። 45 የሚባለው የ19ኙን አጭር ስላይድ ከ17ቱ ሙሉ እጀታ ጋር ያጣመረ ነው፣ ባለ 17 ካዝና ነው የሚወስደው። መኪና ውስጥ ለሚቀመጥ የደንብ ልብስ ፖሊስ አጭሩ አፈሙዝ ወንበር አይነካበትም፣ እጀታው ግን ሙሉ ነው። በግሌ ከግሎኮቹ እሱን አስቀድማለሁ።

ሁለተኛ፣ አፈታቱ። ግሎክን ለማጽዳት ስትፈታው ምላጩን መሳብ ግድ ነው። ኤስኤፍፒውና ኤምኤንድፒው ምላጭ ሳይሳብ ይፈታሉ። ጽዳት ላይ ባረቀ የሚባለው ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ የጥይት ቤቱ አልተፈተሸም ነበር። ግሎክ ከመረጥክ ስትፈታው ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ፣ አፈሙዙ አሸዋ ወዳለበት በርሜል ይዙር።

ሦስተኛ፣ ነከሰ፣ ማለት ጥይት ይዞ አልተኩስም አለ ተብሎ የሚመጣልኝ ሽጉጥ አብዛኛው ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የካዝናው ነው። ከንፈሩ ተጣሟል፣ ወይ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ወይ መሬት ወድቆ አሸዋ ገብቶበታል። ካዝናዎችህ ላይ 1፣ 2፣ 3 ብለህ ጻፍባቸው። ሜዳ ላይ ሲነክስ የትኛው እንደነበር ወዲያው ታውቃለህ፣ እሱን ለይተህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ስጠው።

አራተኛ፣ ያንኑ ጥይት በየቀኑ እያጎረስክ በየማታው አታውጣው። ሲደጋገም አረሩ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይገፋል፣ ሲተኮስ ደግሞ ግፊቱ ከመጠን ያልፋል። ያጠረ ጥይት ካየህ አትጠቀምበት።

ዝርዝሩ ላይ ባይኖርም ስለ ሲግ ፒ320 ሌላ ሰው ሊጠይቅ ስለሚችል ላንሳው። የአሜሪካ ጦር በ2017 መርጦታል። በዚያው ዓመት በአንዳንድ ማዕዘን ሲወድቅ ሊባርቅ እንደሚችል ስለታየ ፋብሪካው ክፍሉን በነፃ ማሻሻል ጀመረ። ከዚያ በኋላም ሳይነካ ባረቀ የሚሉ ክሶች ቀርበዋል፣ የተዉት የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ ኩባንያው ሽጉጡ ደህና ነው ይላል። የቆየ ፒ320 የያዘ ሰው ማሻሻያው እንደተደረገለት መለያ ቁጥሩን ያስጣራ።

አዲስ ምልምል

ለጠያቂው መልስ የለኝም፣ ጥያቄ ነው ያለኝ። እኛ ጋ አሁንም ማካሮቭ አለ። ያው 9 ሚሊ አይደል? ጥይቱን ከግሎክ ጋር መጋራት እንችላለን?

የመሣሪያ ክፍል

በፍጹም። ማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ ግሎኩና ሌሎቹ 9 በ19 ናቸው። ቀለሃውም የአረሩ ስፋትም ይለያል። ሳጥኑ ላይ «9 ሚሊ» የሚለውን ብቻ አይተህ አትጫን፣ ሁለተኛውን ቁጥር አንብብ። ማካሮቭ በ1951 የመጣ ጠንካራ መሣሪያ ነው፣ ካዝናው ግን 8 ብቻ ነው የሚይዘው። የያዝከው እሱ ከሆነ ትርፍ ካዝና ሳትይዝ አትውጣ።

ጀማሪው ፖሊስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መሣሪያ ክፍል ሄጄ እንዳላችሁኝ አደረግሁ። የጀርባ ቁራጮቹ እውነትም ሳጥናቸው ውስጥ ነበሩ። ቤሬታውንና 21ዱን ትቻለሁ። ኤስኤፍፒ9 በትንሹ ጀርባ እጄ ላይ እንደ ልኬ የተሠራ ነው የመሰለኝ፣ ግሎክ 45ም ያለ ተጨማሪ ቁራጭ በደንብ ይደርሳል። አብረውኝ የሚወጡት ሁሉም ግሎክ ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጋሼ፣ እርስዎን ልጠይቅ። መብራትና ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ አብሬ ልጠይቅ ወይስ መጀመሪያ እንዲሁ ልልመደው? ጥይቱስ?

የቀድሞ አሰልጣኝ

መብራቱን አሁኑኑ። ሌሊት ትሠራለህ፣ ያላየኸውን አትተኩስም። ስልክ ይሁን ቢላ የያዘው የሚለየው በብርሃን ነው። ነገር ግን የሽጉጥ መብራት መፈለጊያ አይደለም። መብራቱ በዞረበት አፈሙዙም ይዞራል፣ መንጃ ፈቃድ ለማንበብ ሰው ፊት ላይ ሽጉጥ ማዞር ከባድ ጥፋት ነው። የእጅ ባትሪ ለብቻው ቀበቶህ ላይ ይኑር።

ቀይ ነጥቡን ትንሽ አቆየው። ጥሩ ነገር ነው፣ ዓይንህ ከፊት ካለው ሰው ላይ ሳይነሳ ታነጣጥራለህ፣ እጁ ውስጥ ያለውን ታያለህ። ችግሩ አዲስ ሰው ሽጉጡን ሲያነሳ ነጥቡን ፍለጋ ይገባል። የአነሳስ ልምምድ ይፈልጋል። የብረት ማነጣጠሪያውን ከተካንክ በኋላ ጨምረው፣ ለዚህ ሲባል ግን ስላይዱ ለቀይ ነጥብ የተቆረጠውን ዓይነት አሁን ጠይቅ። አስቲግማቲዝም የሚባለው፣ ከዓይን ቅርጽ መዛባት የሚመጣው የማየት ችግር ካለብህ ነጥቡ ተበትኖ ሊታይህ ስለሚችል አስቀድመህ በራስህ ዓይን እየው። የባትሪ ድንጋዩንም ቀን ቆርጠህ ቀይር፣ እስኪያልቅ አትጠብቅ።

ጥይቱ መሥሪያ ቤቱ በሚፈቅደው ልክ፣ አፉ ክፍት የሆነው፣ ማለት የአረሩ ጫፍ ቀዳዳ ያለው ይሁን። በ1899 የሄግ መግለጫ ይህ ዓይነት በአገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት ተከልክሏል፣ ፖሊስ ግን የሚጠቀምበት ምክንያት ሌላ ነው። አረሩ ሰውነት ውስጥ ተዘርግቶ ይቆማል። ድፍኑ አረር ሰውን አልፎ ጀርባው ያለውን ሊመታ ይችላል።

ከሽጉጡ እኩል የምትጨነቅበት ነገር አፎቱ ነው። ለደንብ ልብስ የሚሆን፣ ሽጉጡን የሚቆልፍ፣ ሌላ ሰው ከኋላ ቢጎትት የማይለቅ ይሁን። መብራት ካለህ ለዚያው ሽጉጥና ለዚያው መብራት የተቀረጸ መሆን አለበት፣ ተቀራራቢ አይሠራም። ለስላሳ ጨርቅ ወይም የላላ ቆዳ ታጥፎ ምላጩ ውስጥ ይገባል። ስትመልሰው ደግሞ አትቸኩል። የጃኬት ገመድና ሸሚዝ ምላጭ ይስባሉ። ሰውዬው ከታሰረ በኋላ የሚያጣድፍህ ነገር የለም፣ አይተህ መልሰው።

ከሁለቱ የትኛውን ካልከኝ፣ ሁለቱም ልክህ ከሆኑ ባልደረቦችህ የያዙትን ያዝ።

የሌሊት ፈረቃ

እኔ ኤስኤፍፒ ብወድም በዚህ እስማማለሁ። አንድ ብቻ ልጨምር፣ ስትሞክረው ሙሉ ቀበቶህን፣ ሬዲዮህንና ጥይት መከላከያ ሰደሪያህን ለብሰህ መኪና ውስጥ ተቀምጠህ አውጣው። አፎቱ ከፍ ወይ ዝቅ ማለት እንዳለበት የምታውቀው ያኔ ነው። ቆሞ ሁሉም ልክ ነው።

የመሣሪያ ክፍል

ሳትይዘው በፊት ደግሞ ለሥራ በምትይዘው ጥይት ራሱ፣ በሁሉም ካዝናዎችህ፣ ቢያንስ 200 ያህል ተኩስ። በልምምድ ጥይት የሠራ ሽጉጥ በሥራው ጥይት ሊነክስ ይችላል፣ የአረሩ ቅርጽ ስለሚለያይ። መሥሪያ ቤቱ ጥይት ቢሰስትብህ በጽሑፍ ጠይቅ፣ ደረሰኙን ያዝ።

ጀማሪው ፖሊስ

ግሎክ 45፣ ለቀይ ነጥብ የተቆረጠው ስላይድ ያለው፣ ከነመብራቱ ብዬ ሞልቻለሁ። ለመብራቱ የሚሆነው አፎት አሁን ስለሌለ እስኪመጣ የድሮዬን ይዤ እሠራለሁ። የ200 ጥይቱን ጥያቄም ለብቻው አስገብቻለሁ፣ መልሱን አሳውቃችኋለሁ።